ልጄ ያልጠጣው ወተት

ይህን የምጽፈው ልጅቷ ደህና ስለሆነች ነው። ደህና ባትሆን ኖሮ ብዕር ለማንሳት ድፍረት አይኖረኝም ነበር። አልሐምዱሊላህ።

ዘመኑ የደርግ መጨረሻ ዓመታት ነው። ባለቤቴ ለውትድርና ከሚታፈሱት አምልጦ በሱዳን በኩል ጅዳ ገብቶ ነበር፤ እኔ ከወሎ ተነስቼ የተከተልኩት ሁለት ዓመት ቆይቼ ነው። በጅዳ አሮጌው ሰፈር፣ አል-ባላድ ውስጥ፣ ባረጀ ፎቅ ቤት ሦስተኛ ደርብ ላይ፣ የእንጨት መስኮት ያላት አንዲት ክፍል ተከራየን። እሱ በጨርቅ መጋዘን ይሠራል። እኔ ከጧት እስከ ዙህር ሰላት፣ እስከ ቀትር፣ አንዲት ማዳም ቤት አጸዳለሁ። ወንዱ ልጃችን የተወለደው እዚያ ነው።

ከእሱ በፊት አገር ቤት ሁለት ልጆች ሞተውብኛል። ሁለቱም ጡት ሳይጥሉ ነው የሄዱት። ያኔ ወተቴ ብዙ ነበር፤ ቀሚሴን አርሶ ይታያል፤ የመንደሩ ሴት ሁሉ ያውቅ ነበር። ለሁለተኛው ልጅ ለቅሶ የመጡት ትልልቅ ሴቶች፣ «ዓይን ነው። ጡትሽን ለሰው አሳየሽ» አሉኝ። በሽታ ይሁን ዓይን የሚያውቀው አላህ ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተት አለኝ ብዬ ለሰው አልተናገርኩም።

የጅዳው ልጄ ግን አፌን ብዘጋም የሚደበቅ አልነበረም። በሦስት ወሩ ጭኑ ላይ ሁለት ሁለት እጥፋት ነበረው። ይዤው ደረጃ ስወርድ ሰው ቆሞ ያየዋል። እኔ በልቤ ከቁርኣን ቁልሁወላሁን እየቀራሁ አልፋለሁ።

ማዳም ቤት ቴሌቪዥን ነበር። በዚያ ሰሞን ማስታወቂያ ገና አዲስ ነገር ስለነበር የቤቱ ልጆች ከፊልሙ ይልቅ እሱን ይወዱ ነበር። እኔ ወለሉን እየወለወልኩ አያለሁ። አንዱ የዱቄት ወተት ነው። ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ይወጣል፤ አንገቱ ላይ የልብ ማዳመጫ አንጠልጥሏል። ከፊቱ ያለው ሕፃን ግን አልታመመም፤ ይስቃል። ሰውየው ሐኪም ነኝ አላለም። ሌላም ሰው ሐኪም ነው አላለም። የተናገረው ካፖርቱ ነው። ቀጥላ እናትየዋ ትመጣለች፤ ኩሏን ተኩላ፣ ልብሷ ተተኩሶ፣ ልጅ ሲያስለቅሳት ያደረች ሴት አትመስልም። ወደ እኛ ዞር ትልና «ወተትሽ ይበቃዋል?» ትላለች። ከዚያ ዘፈኑ ይገባል።

በኋላ ብዙ ያሰብኩበት ያ ጥያቄ ነው። «አይበቃውም» ብትል ኖሮ «ምን አገባሽ» እንላት ነበር። ጠይቃ ዝም ስትል ግን መልሱን የምንፈልገው እኛው ነን። ደክሟት የዋለች ሴት ደግሞ የምትፈርደው በራሷ ላይ ነው።

ዘፈኑ አጭር ነው። በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ እንጃ። አንድ ቀን ከሰላት በኋላ በጣቴ እየቆጠርኩ ተስቢሕ ሳደርግ ምላሴ ላይ የወተቱ ዘፈን መጣ። አስተግፊሩላህ ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አገር ቤት ሬዲዮው መፈክር ሲደጋግምብን እንደዚሁ ነበር። ቀበሌ ስብሰባ ላይ እጅ እያነሳን እንለዋለን፤ ያመነበት ሰው አላውቅም፤ ግን እስከ ዛሬ ቃል ሳላጎድል እወጣዋለሁ። የአገር ቤቱ በቁጣ ነበር የሚመጣ፤ ይኼኛው እየሳቀ ይገባል።

ከቤታችን ሥር አንድ ሐድራሚ፣ የየመን ሰው፣ ባለሱቅ ነበር። ሽበታም፣ መፋቂያ ከአፉ የማይለይ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም። አራስ ሴት ሱቁ ከመጣች አንድ ቆርቆሮ ዱቄት ወተት በነጻ ይሰጣል፤ የወተቱ አስመጪ ለስጦታ ብሎ የሚልከው ነው። ለእኔም ሰጠኝ። ተሸክሜ ወደ ላይ ወጣሁ። ባለቤቴ አየውና ከፈተው፤ በሻይ ጠጣው፤ ወደደው። ልጄ ከዚያ ቆርቆሮ አንድ ማንኪያ አልቀመሰም።

ከሳምንት በኋላ ልጄን አቅፌ ሳሙና ልገዛ ወረድኩ። ሱቁ ውስጥ አራት ሴቶች አሉ፤ ሁለቱ ሱዳኖች፣ ሁለቱ የእኛው ሰዎች። ሁሉም ጭኑን አዩ። ከዓይን የሚጠብቀውን ማሻአላህ ያለች የለችም። አንዷ የእኛዋ፣

«ይኼ ልጅ ምን ቢበላ ነው እቴ?» አለች።

«ጡቷ ይሆናላ» አለች ሌላዋ፣ ደረቴን እያየች።

የሞቱት ሁለቱ ልጆቼ ዓይኔ ላይ መጡ። ከባለሱቁ ጀርባ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ቆርቆሮዎቹ ተደርድረው ነበር። በአገጬ አመለከትኩ።

«ከዚያ ወተት ነው» አልኩ።

ሴቶቹ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አንስተው ወደ መደርደሪያው ዞሩ። እንዴት ቀለል እንዳለኝ። ደረቴ ላይ የነበረው ዓይን ሁሉ ቆርቆሮው ላይ አረፈ። ክታብ አላንጠለጥልም፤ ሺርክ ነው፣ በአላህ ማጋራት ነው ብዬ እፈራለሁ፤ ያን ቀን ግን ቆርቆሮውን እንደ ክታብ ተጠቀምኩበት። ሐሰት መናገሬ ትዝ ያለኝ ደረጃውን ወጥቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ማንን ይጎዳል ብዬ ተውኩት።

ባለሱቁ ሰምቶኝ ነበር። በማግስቱ ስወርድ፣

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ የልጅሽን ፎቶ ስጪኝ» አለኝ።

ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ ብለን ያስነሳነው ፎቶ ነበረ፤ ብዙ ቅጂ ነው የሚሰጡት። ባለቤቴ ቅር አለው፤ ግን ሰውየው ለጎረቤት ደግ ነውና አንዱን ሰጠነው። ሰውየው በትልቁ አሠርቶ፣ ከቆርቆሮዎቹ በላይ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፈው። ከጎኑ አስመጪው የላከው የፈረንጅ ሕፃን ሥዕል ነበር። ያን ሥዕል ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። የእኔን ልጅ ግን የሰፈሩ ሴት ሁሉ ያውቀዋል፤ እናቱ ማን እንደሆነች፣ የት እንደምትሠራ፣ የት እንደምትሰግድ ያውቃል። ባለሱቁ አንድ ቃል አይጨምርም። «እዚሁ ሦስተኛ ደርብ ነው ያለ፤ እናቱን ጠይቂያት» ብቻ ይላል። ቴሌቪዥኑ በካፖርትና በዘፈን ያልቻለውን እኔ በአገጬ አደረግሁት።

ሌላም ነገር ነበረ። ለሰላት ሱቅ ሲዘጋ ሰውየው ለሴቶች የኋላውን ክፍል ይለቅልን ነበር፤ እንሰግድበታለን። ካርቶኑ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ሱቁ መልሶ ሲከፈት ከፊት ለፊት «ሦስት ነው የቀረኝ፣ ቶሎ ውሰጂ» ሲል እሰማዋለሁ፤ ከኋላ ካርቶኑ ግድግዳ ሆኗል። እኔ ሰግጄ ስጨርስ፣ ሴቶቹ እስኪወጡ እጠብቅና ከካርቶኖቹ ጀርባ ተቀምጬ ልጄን አጠባዋለሁ። ከግድግዳው ወዲያ በኩል ፎቶው አለ። ከወዲህ በኩል ባለፎቶው ጡቱን ይዟል።

አንዲት ልጅ እግር የአገሬ ሴት ነበረች። ባሏ መካ፣ ጀርወል የሚባል ሰፈር፣ ሆቴል ቤት ይሠራል። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ጅዳ፣ ከእኛ በታች ባለው ደርብ ወደምትኖረው የባሏ አክስት መጣች። ሴት ልጅ ወለደች። አርባ ቀኗን እዚያው ስትጨርስ እኔም እየወረድኩ ልብስ አጥቤላታለሁ፤ ገንፎ አገንፍቼላታለሁ። ጡቷ መልካም ነበር። ልጅቷ ትንሽ ናት እንጂ ጤነኛ ነበረች።

ሱቅ መውረድ ስትጀምር ፎቶውን አየች። የነጻውን ቆርቆሮም ተቀበለች። ባሏ ወደ መካ ሊወስዳት የመጣ ቀን ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። አክስትየዋና ሁለት ጎረቤቶች ዕቃ ይዘው ከጎኗ ቆመዋል። ታች መኪናው ጥሩምባ ይነፋል።

«እታለም፣ የኔዋ እንደሱ አልወፍር አለች» አለችኝ። «እውነት ከዚያ ወተት ነው? አንቺ ካልሽኝ አምናለሁ።»

ሴቶቹ አዩኝ። ልጄ ትከሻዬ ላይ ተኝቷል።

«አዎ» አልኩ።

ብቻዋን ባገኛት በጆሮዋ እነግራት ነበር፤ ወላሂ አስቤ ነበር። ጥሩምባው ደገመ። ሳመችኝና ወረደች። መካ ስንሄድ እነግራታለሁ አልኩ። ስልክ አልነበራቸውም።

ሁለት ወር ሊሞላ ሲል ባለቤቴ ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍት አገኘና ለዑምራ መካ ሄድን። ጠዋፉንም ሰዕዩንም፣ ካዕባን መዞሩንም በሰፋና መርዋ መሐል መመላለሱንም፣ ልጄን በጀርባዬ አዝዬ አደረግሁ። ያቺ ልጅ በልቤ ውስጥ ነበረች። ዑምራችንን እንደጨረስን ዐርብ ጧት ጀርወል ሄድን። ቤታቸው ከሆቴሉ ጀርባ፣ ዳገቱ ላይ፣ ጣሪያው የጋለ አንድ ክፍል ነው።

በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት። ፈገግ ለማለት ሞከረች። ሕፃኗ ፍራሹ ላይ ተኝታለች። መጀመሪያ የሌላ ሰው ልጅ መሰለችኝ። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል። ቆዳዋን ቆንጠጥ አድርጌ ስለቀው ቶሎ አልተመለሰም። አላለቀሰችም፤ ያስፈራኝ እሱ ነው። ራስጌዋ ጡጦ አለ፤ የጧቱ ወተት ነው፤ ከጣሪያው በርሜል በተቀዳ ውኃ የተበጠበጠ፣ ሙቀቱ ላይ የቆየ።

«ሦስተኛ ቀኗ ነው» አለች፤ «ያስቀምጣታል። ወተቱን ወፍራም ባደርገው ነው ብዬ አቀጠንኩት።»

«ጡትሽስ?»

«ደርቋል፣ እታለም። የነጻው ቆርቆሮ ሳያልቅ በፊት ነው የደረቀ።»

ያኔ ገባኝ። አንድ ቆርቆሮ በነጻ ይሰጣል፤ እሱ እስኪያልቅ ጡት ይደርቃል። ሁለተኛውን መግዛት ግድ ነው።

ባለቤቴ ታክሲ አቆመ። ቅርብ ያለው ክሊኒክ ወረድን። ሐኪሙ ሱዳናዊ ነው። ካፖርቱ እንደ ቴሌቪዥኑ ነጭ አልነበረም፤ ኪሱ ላይ የቀለም ጠብታ አለበት። አልሳቀም። ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አገላብጦ አያት። ጨውና ስኳር የተቀላቀለበት ዱቄት በፈላ ውኃ አበጥብጦ በማንኪያ ጠብ ጠብ እንድናደርግላት አሳየን። እዚያው ፊቱ አስቀምጦን ቆየ። አለማስመለሷን ካየ በኋላ እናትየዋን ጠየቃት።

«ጡት አለሽ?»

«ደርቋል።»

«ማን አስጣለሽ?»

ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «ማንም። እኔው ነኝ» አለች።

ስሜን አላነሳችም። ስትመልስ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም። ያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ ማንም አያውቅብኝም ነበር። አላህ ግን ያውቃል።

«እኔ ነኝ ያስጣልኳት» አልኩት ሐኪሙን። «ልጄን ያወፈረው የቆርቆሮ ወተት ነው አልኳት። ሐሰት ነው። ጡት ነው የሚጠባ።»

ሐኪሙ ጀርባዬ ላይ ያለውን ልጅ አየው። ልጄ የሐኪሙን እስክሪብቶ ለመያዝ እጁን ዘረጋ።

«ይኼ?» አለ።

«ይኼ።»

«ሌላ ነገር ቀምሶ አያውቅም?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? እነሆ ወተቱ እዚህ ተቀምጧል» አለኝ። ወደ እናትየዋ ዞሮም፣ «አንቺም የደረቀውን ጡት ስጪያት፤ በየሰዓቱ፤ ባዶ ነው አትበይ፤ ይመለሳል። ጡጦውን ጣይው። ካስመለሳት ወይ ከደከመች ሮጣችሁ አምጡልኝ። ጨርቋ በሽንት ሲርስ ያኔ አርፋችሁ ተኙ» አለ።

ቤት ስንገባ ከእኔ ፈንጠር ብላ ተቀመጠች።

«አንድ ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም።

ስለ ሁለቱ ልጆቼ ነገርኳት። በለቅሶው ላይ ያሉኝን ነገርኳት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሰማችኝ። ከዚያ ተነስታ ልጅቷን እቅፌ ውስጥ አስቀመጠችልኝ።

ከመጀመሬ በፊት ግን ባለቤቴን መጠየቅ ነበረብኝ። በሃይማኖታችን የሌላ ሰው ልጅ አምስቴ ጠግባ ከጠባች የእኔም የእሱም ልጅ ትሆናለች፤ ከወንዱ ልጃችን ጋር ወንድምና እህት ናቸው፤ ሁለቱ አይጋቡም። ያለ ፈቃዱ የሚሆን ነገር አይደለም። እሱ ደጅ ከልጅቷ አባት ጋር ቁጭ ብሏል። በበሩ ክፍተት ጠራሁትና ነገርኩት።

«አምስት ጊዜ ነው የሚባለው?» አለኝ።

«አምስት።»

«አሥር አድርጊው» አለ። ቀጥሎም ወደ ልጅቷ አባት ዞሮ፣ «ወንድሜ፣ ይቅር በለን። ያ ቆርቆሮ ያወፈረው ሰው ቢኖር እኔን ብቻ ነው። በሻይ የጨረስኩት እኔ ነኝ» አለው።

ሰውየው አልሳቀም። ያን ሰዓት የሚሳቅ አልነበረም። ግን እጁን ባለቤቴ ጉልበት ላይ አኖረ።

ልጅቷ መጀመሪያ መሳብ አልቻለችም። ከንፈሯ ላይ ጠብ ጠብ አደረግሁላት፤ ዋጠች። ጥቂት ቆይታ ደገመች። ልጄ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ያየናል፤ ቦታው መወሰዱ ገብቶታል፤ በዳዴ መጥቶ ጸጉሯን ያዘ። እናትየዋ እጁን አስለቀቀችና እቅፏ ውስጥ ከተተችው። በሩ ተከፍቶ ጎረቤት ሴቶች ገብተዋል፤ ከጥንት ጀምሮ መካ የኖሩ የእኛው ወገኖች ናቸው፤ አማርኛቸው ግማሹ ዐረብኛ ነው። ደረቴን እያዩ ነው። ለመሸፈን እጄ ሄደ። ከዚያ ተውኩት።

«ማሻአላህ በሉ» አልኳቸው።

«ማሻአላህ፣ ተባረከላህ» አሉ ሁሉም በአንድ ላይ።

አንድ ቃል ነበር የጎደለው። አገር ቤትም፣ ሱቁም ውስጥ፣ ደረጃውም ላይ፣ ሐሰት ከመናገር ይልቅ ይህን ቃል ከሰው መጠየቅ እችል ነበር።

የጁምዓ ሰላት ደረሰ። የሐረሙ፣ የታላቁ መስጊድ፣ አዛን ክፍሉ ውስጥ ይገባል። ሄጄ ለመስገድ ንጹሑን ልብሴን ለብሼ ነበር፤ ያለኝ አንዱ እሱ ነው። ከመውጣቴ በፊት አንዴ ላጥባት ብዬ ጭኔ ላይ አስተኛኋት። ስትጠባ ሙቀት ተሰማኝ። ሙቀቱ እየሰፋ ጉልበቴ ደረሰ። ብድግ አድርጌ አየሁ። ጨርቋን አልፎ ቀሚሴን አርሶታል።

«ምን ሆነች?» አለች እናትየዋ፣ ደንግጣ።

«ረጥባለች» አልኳት።

እናትየዋ ገና ያኔ ነው ያለቀሰችው። ልጅቷም አብራ አለቀሰች፤ ድምፅ ነበራት። ጎረቤቶቹ ከውጭ ሰምተው ክፉ ነገር መስሏቸው ሮጠው ገቡ፤ እኔ እርጥቡን ቀሚሴን ይዤ ቆሜአለሁ። አንዷ፣ «በዚያ ልብስ ሐረም አትገቢም፣ ኻላስ፣ አበቃ» አለችኝ። ሳቅን። ጁምዓው አለፈኝ። ቀሚሴን አጥቤ፣ የልጅቷን እናት ቀሚስ ተውሼ፣ ዙህርን እዚያው ሰገድኩ። ሱጁድ ላይ ብዙ ቆየሁ።

ባለቤቴ በማግስቱ ለሥራ ወደ ጅዳ ተመለሰ። ለማዳም እንዲነግርልኝ ላክሁት። «ኻላስ፣ ሌላ ሠራተኛ እፈልጋለሁ» አለችው። እኔ ቆየሁ። አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ እያደረግሁ አጠባሁ። ወተቴ ይጎድላል ብዬ ነበር፤ ሁለት ሲጠቡት ባሰበት። እናትየዋ ሐኪሙ እንዳላት በየሰዓቱ ባዶ ጡቷን ትሰጣለች። ልጅቷ ትቆጣለች፤ ትለቀዋለች፤ እኔ እቀበላታለሁ። እንደገና ትሰጣታለች። በስምንተኛው ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ ጠራችኝ። ጡቷ ጫፍ ላይ አንዲት ነጭ ጠብታ ነበረች። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየናት። እንዳትጠፋ የፈራን ይመስል አልተነፈስንም። በአሥራ አንደኛው ቀን ልጅቷ የእናቷን ጡት ጠጥታ ተኛች። እኔም ዕቃዬን ሰበሰብኩ።

ሐኪሙ ዘንድ ለመጨረሻ ጊዜ ስንወስዳት ጉንጯን ነካ አደረገና፣ «አሁን ፎቶ አንሷት» አለ። ነገሩን ሁሉ ነግረነው ነበር።

ጅዳ እንደደረስኩ ወደ ቤት ሳልወጣ በፊት ሱቁ ገባሁ። ሁለት ሴቶች ነበሩ። እስኪወጡ ያልጠበቅሁት እንዲሰሙ ብዬ ነው።

«ያን ፎቶ አውርደው» አልኩት ባለሱቁን።

«ምነው? ምን አጠፋሁ? ያልሽውን ነው ያልኩት።»

«እሱ ልክ ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁት። ልጄ ከዚህ ወተት ቀምሶ አያውቅም። ከኋላህ፣ ከካርቶንህ ጀርባ ተቀምጬ ነው የማጠባው።»

መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ወደ ኋላው ክፍል ዞሮ አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«አንቺ ሴት፣ የእናት ጡት በካርቶን አይመጣልኝም፤ ምን ልሽጥ?» አለኝ።

በመካይቱ ልጅ ላይ የደረሰውን ነገርኩት። እያዳመጠ ፊቱ ተለወጠ። እሱም የልጅ ልጆች አሉት። በርጩማ ላይ ወጥቶ ፕላስተሩን ቀስ ብሎ ላጠው፤ አንዱ ጥግ ተቀደደ። ፎቶውን ሰጠኝ። ቆርቆሮው ግን እዚያው መደርደሪያው ላይ ቀረ፤ ነጋዴ ነውና። በሳምንቱ የፎቶው ቦታ በሌላ ሥዕል ተሸፈነ። የነጻውን ቆርቆሮ ግን ከዚያ ወዲያ ለአራስ ሲሰጥ አላየሁም። ሁለቱ ሴቶች ለጎረቤቶቻቸው፣ እነሱም ለሌሎች እያሉ፣ ወሬዬ ከፎቶው ፈጥኖ ሰፈሩን አዳረሰ። ያፈርኩባቸው ቀናት ነበሩ። ተገቢ ነው።

ማዳምም ሌላ ሠራተኛ አልፈለገችም ነበር። ሳህኑን ከምራ ጠበቀችኝ። ቴሌቪዥኑ በርቷል። ኩሏን የተኳለችው ሴት ዞር ብላ «ወተትሽ ይበቃዋል?» አለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ለሁለትም ተርፏል» አልኳት። ማዳም ከማን ጋር እንደማወራ ዞራ አየች።

ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያ ሳይ የማስበው አንድ ነገር ነው፦ ይኼ ሕፃን ካሜራው ሲጠፋ ምን ይበላ ይሆን? ከካርቶኑ ጀርባ ያለውን ማን አየው? የሚስቀው ሕፃን አይዋሽም፤ በእውነት ወፍራም ነው፤ በእውነት ይስቃል። ሐሰቱ ያለው ሕፃኑንና ቆርቆሮውን ጎን ለጎን ያስቀመጠው እጅ ላይ ነው። አንድ ጊዜ እጁ የኔ ነበር።

ልጆቹ አደጉ። እሷ መካ፣ እሱ ጅዳ። ሲገናኙ በዐረብኛ ይጨቃጨቃሉ፤ እሷ ታሸንፋለች። ትልቅ ከሆኑ በኋላ አንዲት አሮጊት መጣችና፣ «ያቺን የጀርወሏን ለልጅሽ ብታደርጊ፣ ሁለቱ ይመሳሰላሉ» አለችኝ። «ይመሳሰሉ እንጂ፤ እህቱ ናት» አልኳት። ፎቶውን ሳጥኔ ውስጥ ከአሮጌው ኢቃማ ጋር አኑሬዋለሁ፤ ጥጉ እንደተቀደደ ነው።

ከእሱ በኋላ አላህ ሦስት ልጆች ሰጠኝ። ሁሉም ወፍራም ነበሩ። ሴቶች ጭናቸውን እያዩ ምን እንደማበላቸው ይጠይቁኝ ነበር።

«ማሻአላህ በሉና ልንገራችሁ» እላቸዋለሁ። ይላሉ። እነግራቸዋለሁ።